የወንዙ ጎተራ የት ነው? ከባሕር ዳር ተነስቶ ወንዝን የማንበብ መመሪያ

የመማሪያ መጽሐፍ ወንዝን የሚያስተምረው በሥዕል ነው። ከላይ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከበረዶው ሥር የሚንጠባጠብ ቀጭን ጅረት፣ መሀል ላይ ጠመዝማዛ፣ ታች ሜዳና ባሕር። ባሕር ዳር ጂኦግራፊ ሳስተምር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሥዕሉን ትክ ብላ አይታ፣ «መምህር፣ እኛ አገር እንዲህ ያለ በረዶ የለም። ታዲያ ዓባይ በሚያዝያ ለምን አይደርቅም?» አለችኝ። በቃል መለስኩላት፤ ፊቷን ሳየው ግን እንዳልገባት አወቅሁ። ወንዙ ከክፍላችን በእግር የሚደረስበት ሆኖ ሳለ በጠመኔ ላስረዳት መሞከሬ ከነከነኝ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ተማሪዎች ይዤ እወጣለሁ። እዚህ የምጽፈው የምንሄድበትን ቅደም ተከተል ነው። መምህር የሆናችሁ፣ የተፈጥሮ ክበብ የምትመሩ፣ ወይም ልጆቻችሁን ይዛችሁ መውጣት የምትፈልጉ እንዳለ ልትወስዱት ትችላላችሁ። ለአንድ ዙር ሦስት ቅዳሜ ይበቃል፤ ተከታታይ መሆን የለበትም።

ከመውጣታችሁ በፊት፦ አንዲቱን ጥያቄ አስይዟቸው

ዝናብ በዓመት ጥቂት ወር ይዘንባል፤ ወንዝ ግን ዓመቱን ሙሉ ይበላል። እንደ ገበሬ ቤት ማለት ነው፤ እህሉ በአንድ ወቅት ይገባል፣ ቤተሰቡ እስከ ሚቀጥለው አዝመራ ይመገባል። በመካከል ጎተራ አለ። ስለዚህ ማንኛውም ወንዝ ዳር ስትቆሙ ተማሪዎቻችሁ የሚጠይቁት ይህንን ነው፦ የዚህ ወንዝ ጎተራ የት ነው?

ሥዕሉ ላይ ያለው ወንዝ ጎተራው ግግር በረዶ ነው። በብርዱ ወራት የወረደው በረዶ ተከምሮ ተጠቅጥቆ ይቆይና ሙቀት ሲመጣ ይቀልጣል። በዚህ ምክንያት እንዲህ ያለ ወንዝ የሚሞላው ዝናብ ሲዘንብ ሳይሆን ፀሐይ ሲበረታ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ማለዳ ላይ ይጎድላል፣ ወደ ማታ ይሞላል። ውሃው ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል፤ ግግሩ እየተንሸራተተ ሲሄድ ከሥሩ ያለውን አለት እንደ ወፍጮ ስለሚፈጨው ነው። ዱቄቱ ከጤፍ ዱቄት የደቀቀ ስለሆነ ቶሎ አይጠልልም። ግግሩ የሄደበት ሸለቆ ወለሉ ሰፊ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ እንደ ገንዳ ይሆናል፤ ወንዝ ብቻውን የቆረጠው ሸለቆ ግን ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል።

በአፍሪካ ዛሬ ግግር በረዶ የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በርዌንዞሪ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም እየመነመነ ነው። ከርዌንዞሪ የሚቀልጠው በሰምሊኪ ወንዝ በኩል አልበርት ሐይቅ ገብቶ ከነጭ ዓባይ ይቀላቀላል። ስለዚህ በታላቁ የናይል ውሃ ውስጥ የበረዶ ጠብታ አለ፤ ግን በእኛ በኩል የሚሄድ አይደለም። የእኛዎቹ የሰሜን ተራሮች በጥንቱ የበረዶ ዘመን ግግር ነበራቸው፤ የተወው ምልክት ዛሬም ከፍተኛው ቦታ ላይ ይታያል። አሁን ራስ ደጀን ላይ የሚጥለው በረዶ ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል፤ ለወንዝ ጎተራ አይሆንም። ይህን ካስረዳችሁ በኋላ ዝም በሉ። የዓባይን ጎተራ እነሱ ይፈልጉ።

ጊዜውን መምረጥ

ሁለት ጊዜ ካልሄዳችሁ ግማሹን ነው የምታዩት። አንዱን በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም፣ ሌላውን በመጋቢት ወይም በሚያዝያ አድርጉት። በአንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ መጋቢትን እመርጣለሁ፤ ውሃው ሲጎድል የወንዙ አጥንት ይታያል።

በክረምት የምትሄዱ ከሆነ ሥራችሁን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምራችሁ እስከ 5 ሰዓት ጨርሱ። ደጋው ላይ ዝናቡ የሚበረታው ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ደራሽ ውሃ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። የበረዶ ወንዝ የሚሻገሩ ሰዎችም ማለዳ ይመርጣሉ ይባላል፤ እነሱ የሚሸሹት የቀትር ፀሐይን፣ እኛ የምንሸሸው የቀትር ደመናን ነው። አንድ ዓመት ሰማዩ በላያችን ጥርት ብሎ ሳለ ልጆቹን ትንሽ ጅረት ውስጥ አቁሜ ጥልቀት አስለካ ነበር። ማዶ ከብት የሚጠብቅ ልጅ እየጮኸ እጁን ሲያወዛውዝ ወጣን። ጥቂት ቆይቶ ጭቃማ ውሃ ቅጠልና ጭራሮ እየገፋ መጣ፤ ቆመንበት የነበረው ድንጋይ ተዋጠ። ያንን ልጅ ባልሰማው ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ። በክረምት ተማሪ ውሃ ውስጥ አይገባም፤ የሚለካው ከድልድይና ከዳር ነው።

የሚያዝ ዕቃ

20 ሜትር ገመድ በየሜትሩ የተቋጠረ፤ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በቢላ ምልክት የተደረገበት ረጅም ዱላ፤ አምስት ሎሚ ወይም ብርቱካን፤ ግልጽ የሆኑ አራት ባዶ የሀይላንድ ጠርሙሶች ከነክዳናቸው፤ ነጭ የባልዲ ክዳን በሲባጎ የታሰረ፣ ከሥሩ ድንጋይ የተንጠለጠለበት፤ ማስመሪያ፤ ሰዓት የሚይዝ ስልክ፤ እርሳስ። እስክርቢቶ አይሁን፤ ደብተሩ ሲረጥብ ይለቃል። ውሃ ውስጥ ለሚገባው ሰው ቦቲ ጫማ የግድ ነው፤ በጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያ አለ፣ በባዶ እግር መግባት የለም። ሐይቅ ዳር ደግሞ ጉማሬ ስላለ ደንገል ውስጥ አትግቡ፣ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ከዳር ራቁ።

ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ቀን ጠዋት ከሹፌሮች ጠይቁ። ጥሩ ካልሆነ የመጀመሪያውን ቅዳሜ ሥራ ደግማችሁ ሥሩት፤ እሱ ከተማ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያ ቅዳሜ፦ ዓባይ ከጣና የሚወጣበት

መጀመሪያ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ውጡ። ከዚያ ላይ ሐይቁና ወንዙ አብረው ይታያሉ። ተማሪዎቹ የሚያዩትን በእርሳስ ይሣሉ፦ ሐይቁ የት ጠብቦ ወንዝ ይሆናል? ወንዙ በስንት ይከፈላል? ደሴቶቹ የት ናቸው? ሥዕሉ አስቀያሚ ቢሆን ግድ የለም፤ ዓይን የሚሠራው እጅ ሲሥል ነው።

ከዚያ ወርዳችሁ ድልድዩ አካባቢ ድንጋዩን ተመልከቱ። ጥቁር ነው፣ ብዙው እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን አለው። የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ጋዝ የወጣበት ነው። ጣና የተፈጠረው ይህን የመሰለ የቀለጠ ድንጋይ ፈስሶ የጥንቱን ወንዝ መውጫ ስለዘጋው ነው፤ ውሃው ተጠራቅሞ ሐይቅ ሆነ፣ ሞልቶ ሲፈስ በዚሁ በባሕር ዳር በኩል ወጣ። የእግራቸው ሥር ያለው ጥቁር ድንጋይ የጎተራው ግድግዳ መሆኑን ስትነግሯቸው ጎንበስ ብለው የማይነኩት የሉም።

አሁን ቁጥሩን ስጧቸው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አይበልጥም። ከምንጣፍ ብዙም አይርቅም። ብዙ ወንዞች ይገቡበታል፤ ከነሱ ውስጥ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ አብዛኛውን ውሃ ያመጣሉ። በተፈጥሮ የሚወጣው ዓባይ ብቻ ነው። በዚህ ስፋትና በዚህ ጥልቀት ምክንያት ፀሐይ በትነት የምትወስደው ውሃ ዓባይ ይዞት ከሚወጣው አያንስም።

ጎተራ መሆኑ የሚታወቀው በወሩ ነው። ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ሆኖ ሳለ ሐይቁ ከፍ የሚለው በመስከረም ነው፤ ዝቅ የሚለው ደግሞ ክረምቱ ሊገባ ሲል በሰኔ። ይህ መዘግየት የጎተራ ምልክት ነው። ዳር ካሉ ድንጋዮች ላይ የውሃ ልክ መስመር ፈልጉ፤ ነጣ ያለው ጥግ ባለፈው መስከረም የደረሰበት ነው። ከአሁኑ ውሃ እስከዚያ ድረስ በዱላው ለኩ።

አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። መውጫው ላይ የጨረጨራ ማገጃ አለ፤ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓባይ ስንት ውሃ ይዞ እንደሚወጣ የሚወስነው ሰው ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የሐይቁ ከፍታ እጅግ ወርዶ ጀልባዎች ተቸግረው ነበር። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ከሐይቁ ምዕራብ ዳር በዋሻ ተወስዶ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን የጣና በለስን ጣቢያ የሚያንቀሳቅስ ውሃ አለ፤ እሱ በበለስ ዞሮ ታች ከዓባይ ይገናኛል። ድልድይም ሆነ ማገጃ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጥበቃዎቹን አስፈቅዱ።

በመጨረሻ የውሃውን ድፍርስነት ለመለካት ነጩን ክዳን ከጀልባ ማቆሚያው ላይ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱት። ከዓይን የጠፋበትን የሲባጎ ርዝመት ጻፉ። አንድ ሀይላንድ ሞልታችሁ ቦታና ቀን ጽፋችሁ ለጥፉበት።

ሁለተኛ ቅዳሜ፦ ጉማራ

በጎንደር መንገድ ሐሙሲትን አልፋችሁ ወረታ ሳትደርሱ የጉማራን ድልድይ ታገኛላችሁ። የመመሪያው ልብ እዚህ ነው፤ ጊዜያችሁን አትቆጥቡ። ጉማራ የሚነሳው ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚቆመው ከጉና ተራራ በኩል ነው፤ ልክ መጽሐፉ ላይ እንዳለው ከተራራ የሚወርድ ወንዝ፣ በረዶው ብቻ የለም።

ፍጥነቱን ለኩ። በመጋቢት ከሆነ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ቦታ መርጣችሁ ገመዱን በዳሩ 20 ሜትር ዘርጉ። ሎሚውን ከገመዱ መነሻ ትንሽ ከላይ ጣሉ፣ መነሻውን ሲያልፍ ሰዓት ያዙ፣ መድረሻውን ሲያልፍ አቁሙ። አምስት ጊዜ ደጋግሙና አማካዩን ውሰዱ። ሎሚ የምንለው ምክንያት አለው፦ አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሰጥም ነፋስ አይገፋውም። በመጀመሪያው ዓመት ባዶ ሀይላንድ ስጥል ከጣና የሚነፍሰው ነፋስ ወደ ላይ ይመልሰው ነበር፤ ግማሽ ቀን የለካነው ሁሉ ከንቱ ሆነ።

ጥልቀቱን ዳር፣ መሀልና ማዶ በአምስት ቦታ ለክታችሁ አማካይ ያዙ። ለምሳሌ ስፋቱ 12 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 0.4 ሜትር ሆኖ ሎሚው 20 ሜትሩን በ25 ሰከንድ ቢጨርስ፣ የላይኛው ውሃ ፍጥነት በሰከንድ 0.8 ሜትር ነው። ወለሉና ዳሩ ውሃውን ስለሚይዙት የታችኛው ይዘገያል፤ በ0.85 አባዙት፣ 0.68 ይሆናል። 12 በ0.4 በ0.68 ሲባዛ በሰከንድ 3.26 ሜትር ኪዩብ ነው። ሜትር ኪዩብ ለልጆች አይታያቸውም፤ ወደ 20 ሊትር ጀሪካን ቀይሩላቸው፣ በእያንዳንዷ ሰከንድ 163 ጀሪካን። ውሃ ለመቅዳት የተሰለፈች ልጅ ይህ ቁጥር ወዲያው ይገባታል።

ወደ ጠመዝማዛው ሂዱ። ሁለት ሎሚ በአንድ ጊዜ ጣሉ፣ አንዱን በውጩ ዳር፣ ሌላውን በውስጡ። የውጩ ይቀድማል። ፈጣኑ ውሃ ዳሩን እየናደ ገደል ያደርገዋል፤ በውስጥ በኩል የሚያዘግመው አሸዋውን ያስቀምጣል። ወንዙ እንዲህ እያለ ይራመዳል። እዚያ አካባቢ ለሚያርሱ ሽማግሌ ሰላምታ ሰጥታችሁ፣ «አባባ፣ ይህ ወንዝ በልጅነትዎ በየት በኩል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። በጣታቸው ሲያሳዩ ገመዱን ዘርጉና ለኩ። ከማንኛውም ካርታ የበለጠ ትምህርት ነው።

ከወንዙ ዳር ወደ ማሳው ስትራመዱ እግራችሁ ቁልቁል መውረዱን ልብ በሉ። ጎርፍ ከመሥመሩ ሲወጣ ከባዱን አሸዋ ዳሩ ላይ ይጥለዋል፣ ደቃቁን ደለል ይዞ ወደ ማሳ ይዘልቃል። ዳሩ ከማሳው ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። የፎገራ ሜዳ የተሠራው በዚህ ደለል ነው፤ ሩዙን የሚያበቅለውም እሱ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ፎገራን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ቤትና ከብት ወስዷል፤ አፈሩን ያመጣው ውሃና ቤቱን የወሰደው ውሃ አንድ መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው ከሰፈሩ ሰዎች ይስሙ።

በነሐሴ ከሆነ ከድልድዩ ላይ ተመልከቱ። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ተረት ሁላችን እናውቀዋለን፤ የተናገረው ሰው ግን የክረምት ወንዝ ግንድ ሲያንከባልል አይቶ፣ ያየውን ነው የተናገረው። ውሃው ቡና አተላ መስሎ ይወርዳል። ይህ ቀለም የእርሻ አፈር ነው። በዚህ ውሃ ላይ ነው ከጣና የወጡ ዓሦች ለመራባት ሽቅብ የሚቀዝፉት፤ መረብ ወንዙን ዘግቶ ስታዩ ለምን እንደሚያስከፋኝ ይገባችኋል።

ሁለተኛውን ሀይላንድ እዚህ ሙሉ።

አሁን ጥያቄዋን መልሷቸው፦ የጉማራ ጎተራ የት ነው? ሐይቅ የለውም፣ በረዶ የለውም። ያለው ተራራው ውስጥ የሰረገ ውሃ ነው፤ እሱም ሣርና ዛፍ ዝናቡን ሲያዘገዩለት ነው የሚሞላው። ተራራው ሲራቆት ዝናቡ ሳይሰርግ ይወርዳል፤ ነሐሴ ላይ ይትረፈረፋል፣ መጋቢት ላይ ይቀጥናል። የሁለቱን ወራት የጀሪካን ቁጥር ጎን ለጎን ጻፉት። ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ጎተራው ቀዳዳ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛ ቅዳሜ፦ ጢስ ዓባይ

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማዋ ላይ አስጎብኚ ይዛችሁ በእግር ውረዱ፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በተሠራው፣ ሕዝቡ የፖርቱጋል ድልድይ በሚለው የአላታ ድልድይ ላይ ታልፋላችሁ። እዚያ ቆማችሁ ወደ ታች እዩ። ያ ቤዛዊት ላይ ተንጣሎ ያያችሁት ወንዝ እዚህ በአለት መካከል ተጨምቆ ያልፋል። በመጋቢት አለቱ ላይ እንደ ሙቀጫ የተቦረቦሩ ጉድጓዶች ይታያሉ፤ አዙሪት ጠጠር እያሽከረከረ የፈለፈላቸው ናቸው። ከሩቅ እዩ እንጂ ወደ ጠርዙ አትቅረቡ፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል።

ፏፏቴው ከ40 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በክረምት ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ውሃው የሚወድቀው ከጠንካራ የእሳተ ገሞራ አለት ጠርዝ ላይ ነው፤ ከሥር ያለው ሲቦረቦር ጠርዙ ይፈርሳል፣ ፏፏቴውም በረጅም ዘመን ወደ ኋላ ይሸሻል። በበጋ ሄዳችሁ ቀጭን ብታገኙት አትዘኑ፤ ከፏፏቴው በላይ ለኃይል ማመንጫ የሚጠለፍ ውሃ አለ፣ ልጆቹ መጥለፊያውን ይፈልጉት።

እዚህ የማደርገው ሥራ አንድ ብቻ ነው። በድምጹ መካከል አስቀምጫቸው፣ «ሱዳን ድንበር ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ ስንት እጁ ከጣና ይመስላችኋል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ግማሽ የሚል አለ፣ ሁሉም የሚል አለ። ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም። ቀሪውን በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ዲዴሳ፣ ዳቡስና ሌሎችም ያመጡታል። የጣና ድርሻ ትልቁ መጠኑ ሳይሆን ወሩ ነው፦ ሌሎቹ ሲጎድሉ የሚሰጥ መሆኑ። ሦስተኛውን ሀይላንድ ሙሉና ተመለሱ።

ሰከላ መድረስ ለምትችሉ

ግሽ ዓባይ ምንጩ ያለው ከባሕር ዳር በስተደቡብ ሰከላ ነው፤ በ1618 እ.ኤ.አ. ፔድሮ ፓኤዝ፣ በ1770 እ.ኤ.አ. ጄምስ ብሩስ የተባሉ አውሮፓውያን የደረሱበት። ከ2,700 ሜትር ገደማ ተነስቶ ግልገል ዓባይ ሆኖ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ጣና ይገባል። ጠበል ስለሆነ እህል ቀምሶ መቅረብ አይፈቀድም፤ ዱላና ገመዳችሁን ደጅ ትታችሁ አገልጋዮቹን አባቶች አስፈቅዱ። መለኪያ አያስፈልግም። በበጋ ከመሬት ሲፈልቅ ማየት ብቻ ይበቃል፤ የዓመት ዝናብ በአለት ስንጥቅ ውስጥ ተቀምጦ እንደሚቆይ በዓይን የሚታይበት ቦታ ነው።

ጠርሙሶቹን ማንበብ

ሀይላንዶቹን እኩል አናውጣችሁ መስኮት ላይ ደርድሩ። ከአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ቀንና ከሦስት ቀን በኋላ ከሥር የተቀመጠውን ደለል በማስመሪያ ለኩ። አራተኛው ውስጥ የቧንቧ ውሃ አድርጉ፣ ለማነጻጸር። ሻካራው አሸዋ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ከዚያ ደቃቁ፣ ከሁሉም የሚዘገየው ሸክላው ነው። ትንሽ ደለል በጣት መካከል አሹት፦ የሚቆረቁር አሸዋ ነው፣ የሚያጣብቅ ሸክላ ነው። የበረዶ ወንዝ ውሃ ቢሆን ኖሮ ነጣ ብሎ ለቀናት ደፍርሶ ይቆይ ነበር፤ የተፈጨ አለት እንጂ የእርሻ አፈር አይደለምና።

የክረምቱን የጉማራ ጠርሙስና የዓባይ መውጫውን ጠርሙስ ጎን ለጎን ያዩ ልጆች ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «በመካከል ያለው አፈር የት ቀረ?» ጣና ውስጥ ነው የቀረው። ጎተራው በውሃ ፈንታ በአፈር እየሞላ ነው፤ አፈሩ ይዞት ከሚመጣው ማዳበሪያ ጋር ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳሩን ለወረረው እምቦጭም ምግብ ሆኖታል። ይህን በመጽሐፍ አንብቤ አውቀው ነበር፤ ያመመኝ ግን ጠርሙሱን መስኮት ላይ ካየሁት በኋላ ነው።

ለእያንዳንዱ ወንዝ በአንድ መስመር ጻፉ፦ ስሙ፣ የሚነሳበት፣ ጎተራው፣ የሞላበት ወር፣ የጎደለበት ወር፣ በሰከንድ ስንት ጀሪካን፣ ስንት ሚሊ ሜትር ደለል። ጠርሙሶቹን አትጣሉ። ክዳናቸውን አጥብቃችሁ፣ ወሩን በግልጽ ጽፋችሁ መደርደሪያ ላይ አቆዩ፤ በመጋቢት ከምትቀዱት አጠገብ ይቆማሉ።